ከታማሚ አልጋ እስከ አማካሪ ወንበር፦ የሱስ አማካሪነት ሙያ በአሜሪካ

በዩናይትድ ስቴትስ ዛሬ በሱስ ማገገሚያ ተቋም በአማካሪነት ለመሥራት የሚፈልግ ሰው፣ የክፍል ትምህርቱን ቢያጠናቅቅም እንኳ፣ ልምድ ባለው ባለሙያ ሥር በተለማማጅነት የሚቆጠርለትን ሰዓት መሙላት ይጠበቅበታል። ይህ ግዴታ ላይ ላዩን ሲታይ ከሌሎች የጤና ሙያዎች የተወረሰ ተራ የፈቃድ ሥርዓት ይመስላል፤ ነገር ግን ከበስተጀርባው ረጅም ክርክር አለ፤ የክርክሩም ፍሬ ነገር ሱሰኛን ለመርዳት የሚያበቃው እውቀት በትምህርት የሚገኘው ነው ወይስ በራስ ላይ ደርሶ የታወቀው የሚለው ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ገና ከጅምሩ የተነሣው በ1840 በባልቲሞር ከተማ ነው። በአንድ መጠጥ ቤት ይገናኙ የነበሩ ስድስት ጠጪዎች መጠጥ እርም ብለው በጆርጅ ዋሽንግተን ስም ማኅበር መሠረቱ፤ ስብሰባዎቻቸውም ከሰባኪ ወይም ከሐኪም ንግግር ይልቅ አባላቱ የራሳቸውን ውድቀትና አነሣስ በሚናገሩበት ምስክርነት ላይ የቆሙ ነበሩ። ከመካከላቸው አንደበተ ርቱዕ የሆኑት ከከተማ ከተማ እየዞሩ በክፍያ መናገር ጀመሩ፤ ይሁንና ከስመ ጥሮቹ ተናጋሪዎች አንዱ የነበረው ጆን ጎፍ በ1845 በኒውዮርክ ወደ መጠጥ ተመልሶ ሲገኝ ጋዜጦች ተቀባበሉት፤ በገዛ መዳኑ እንጀራ የሚበላ ሰው መዳኑ ቢናጋ ምን ይሆናል የሚለው ሥጋትም ከዚያ ወዲህ ከዚህ ሙያ ተለይቶ አያውቅም።

በሙያነት የሚታወቅ ነገር ብቅ ያለው ግን በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በቦስተን ነው። በኢማኑኤል ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበሩት ኤልውድ ዉስተር በ1906 ሃይማኖታዊ ምክርን ከሥነ ልቦና ሕክምና ጋር ያጣመረ አገልግሎት ጀምረው ነበር፤ በ1911 ወደ እርሳቸው የመጣው ኮርትኔይ ቤይለር የተባለ ጠጪም ከዳነ በኋላ እዚያው ቀርቶ ሌሎች ጠጪዎችን የሚያማክር ተከፋይ ሠራተኛ ሆነ። ቤይለር ሐኪምም ካህንም አልነበረም፤ ስለዚህ በዘመኑ የሕክምና ዲግሪ የሌለውን መካሪ ለመለየት በሚያገለግለው መጠሪያ «ሌይ ቴራፒስት» ተባለ። እርሱ ካማከራቸው አንዱ የሆነው ሪቻርድ ፒቦዲም በተራው ይህንኑ ሥራ ያዘ። መካሪው ከተመካሪው እየወጣ ሙያው እጅ በእጅ ይተላለፍ ነበር እንጂ ትምህርት ቤትም፣ ፈተናም፣ ምስክር ወረቀትም አልነበረውም።

በ1935 በኦሃዮ ግዛት በአክረን ከተማ የተመሠረተው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ማለትም ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚሹ ሰዎች ስማቸውን ሳይገልጹ የሚረዳዱበት ኅብረት፣ ይህንን የእጅ በእጅ ቅብብል ያለ ክፍያ አደረገው። ከመሥራቾቹ አንዱ ቢል ዊልሰን ራሱ ታክሞበት በነበረው የኒውዮርኩ ታውንስ ሆስፒታል በደመወዝ መካሪ እንዲሆን ሲጋበዝ፣ ገንዘብ ቢቸግረውም ጓደኞቹ ስለተቃወሙ ግብዣውን ትቶታል፤ ኅብረቱም በኋላ ባጸደቃቸው መመሪያዎቹ አባል አባልን የሚረዳበት አገልግሎት ለዘለዓለም ከሙያተኝነት ውጭ እንደሚሆን ደነገገ። ስለሆነም ከመጠጥ ተላቆ ሌላውን በደመወዝ የሚያማክር አባል በስብሰባው እንደ ወንድም፣ በሥራው ግን እንደ ባለሙያ እንዲቆም ተገደደ፤ በሙያው ሰዎች ዘንድ ይህ ሁኔታ «ሁለት ባርኔጣ መድፋት» ይባላል።

የሁለቱ ባርኔጣዎች ጉዳይ በተግባር የተፈተነው በሚኒሶታ ግዛት ነው። በ1912 ለሰካራሞች መታከሚያ ተብሎ የተከፈተው የዊልማር ሆስፒታል ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአእምሮ ሕሙማንንም ስለተቀበለ፣ ጠጪዎቹ በተቆለፉ ክፍሎች ከሌሎች ሕሙማን ጋር ተደባልቀው ይኖሩ ነበር። በ1950 ግድም የሆስፒታሉ ኃላፊ የሆኑት ዶክተር ኔልሰን ብራድሌይና ወጣቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዳንኤል አንደርሰን ጠጪዎቹን ከሌሎቹ ለዩ፤ በሮቹንም ከፈቱ። ከዚያም አብዛኞቹ የሙያ ጓዶቻቸው እንደ ድፍረት የቆጠሩትን ሐሳብ አቀረቡ፤ ይኸውም ከመጠጥ የዳኑ ሰዎች በዎርዱ ከሐኪሙ፣ ከነርሷና ከካህኑ ጋር እኩል የቡድኑ አባል ሆነው በመንግሥት ደመወዝ ይቀጠሩ የሚል ነበር። ግዛቱ በ1954 «የአልኮል ሱስ አማካሪ» የሚል የመንግሥት የሥራ መደብ ሲፈቅድ የጠየቀው መመዘኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅና ሁለት ዓመት ከመጠጥ ርቆ መኖር ነበር። የዚህ መመዘኛ ሁለተኛው ክፍል ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የመንግሥት መዝገብ የአንድን ሰው ያለፈ ሕመም ጉድለት ሳይሆን ብቃት አድርጎ የመዘገበበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ ብዙ አይገኝምና።

አዲሶቹ አማካሪዎች በንግግር የታመነላቸው እንጂ በጽሑፍ የሠለጠኑ አልነበሩም፤ የታካሚን ታሪክ መመዝገብ፣ የሕክምና ዕቅድ ማውጣት፣ ወደ ሌላ ክፍል መላክ የመሳሰለውን ሥራ የተማሩት ዎርዱ ውስጥ ሐኪሞቹን እየተከተሉ ነው። ሐኪሞቹ በበኩላቸው ጠጪ እንዴት እንደሚዋሽና እንዴት እንደሚደበቅ ከአማካሪዎቹ ተማሩ። በ1949 በአንድ የእርሻ ቤት በዚያው ግዛት በሴንተር ሲቲ የተከፈተው ሄዝልደን የተባለ የሕክምና ማዕከል መጀመሪያ ላይ ታካሚዎቹን ከሞላ ጎደል የሚጠይቃቸው አልጋቸውን እንዲያነጥፉ፣ በጨዋነት እንዲኖሩ፣ ትምህርቱን እንዲከታተሉና እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ብቻ ነበር፤ አንደርሰን በ1961 ኃላፊ ሆነው ሲመጡ ግን የዊልማርን የቡድን አሠራር አብረው አመጡ፤ «የሚኒሶታ ሞዴል» የሚባለውም ይህ ነው። በዚያው በ1960ዎቹ ማዕከሉ አማካሪ ለመሆን የሚሹ ሰዎችን በታካሚዎች መካከል እያኖረ ማሠልጠን ጀመረ፤ ሠልጣኙ መጀመሪያ ተቀምጦ ያዳምጣል፣ ቀጥሎ በባለሙያው ፊት ይናገራል፣ በመጨረሻ ብቻውን ይገባና ያደረገውን ለተቆጣጣሪው ያስረዳል። በዛሬው የተለማማጅነት ጊዜ የሚታየው ቅደም ተከተል ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ሙያውን ከጥቂት ማዕከሎች አውጥቶ በመላ አገሪቱ ያሠራጨው ሕግ ነው። ራሳቸው ከመጠጥ የዳኑት የአዮዋው ሴናተር ሃሮልድ ሂውዝ የገፉት ስለ አልኮል ሱስ መከላከልና ሕክምና የወጣው ሕግ ታኅሣሥ 31 ቀን 1970 በፕሬዚዳንት ኒክሰን ተፈረመ፤ የፌዴራል ገንዘብም ወደ ሕክምና ማዕከሎች ፈሰሰ። ገንዘብ ሲመጣ ተጠያቂነት ተከተለ፤ ከፋዮቹ መንግሥትና የመድን ኩባንያዎች የሚከፍሉት ለማን እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። በመሆኑም በቀጣዮቹ ዓመታት የአማካሪው ሥራ ከቅበላና ከምዘና እስከ መዝገብ አያያዝ በ12 ዋና ተግባራት ተከፋፈለ፤ የምስክር ወረቀት ሰጪ አካላትም ተቋቋሙ። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ በ2005 ተግባራዊ የሆነው ደንብ 155 ሰዓት የክፍል ትምህርት፣ 160 ሰዓት ተቆጣጣሪ ያለው ሥልጠና እንዲሁም 2,080 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቅ ነበር፤ የመጨረሻው አኃዝም በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው በአንድ ዓመት የሚሞላው ነው።

በዚህ ለውጥ የተጎዱ መኖራቸው አይካድም። ያለ ዲግሪ ለዓመታት ያገለገሉ አማካሪዎች ከወጣት የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ጋር ለአንድ ቦታ መወዳደር ግድ ሆነባቸው፤ ቀድሞ መመዘኛ የነበረው ከሱስ የመዳን ታሪክም ቀስ በቀስ በቃለ መጠይቅ የማይጠየቅ የግል ጉዳይ ሆነ። በሌላ በኩል ግን በመዳኑ ብቻ ተማምኖ የታካሚን ምሥጢር መጠበቅ ወይም ራስን የማጥፋት ምልክትን መለየት የማያውቅ አማካሪ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል ስላልነበረ፣ የሰዓታቱ ቆጠራ ያለ ምክንያት የመጣ ነው ማለት አይቻልም።

በዊልማር የተከፈተው በር ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ዳግም ተከፍቷል። የጆርጂያ ግዛት በ1999 በአእምሮ ሕመም ያለፉ ሰዎች ለአቻዎቻቸው የሚሰጡት ድጋፍ ሜዲኬይድ ተብሎ በሚታወቀው የድኾች የጤና መድን እንዲከፈልበት አደረገ፤ በ2007 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ግዛቶች ሁሉ ይህን አሠራር በሱስ ላሉ ሰዎችም ጭምር መጠቀም እንደሚችሉ በደብዳቤ አሳወቀ። «የአቻ ድጋፍ ሰጪ» ለሚባለው ለዚህ ሠራተኛ በራስ ላይ የደረሰው ልምድ እንደገና መመዘኛ ሆኗል፤ በብዙ ግዛቶች ተቀባይነት ላለው የምስክር ወረቀት ለመብቃት ግን እርሱም ከትምህርቱ በተጨማሪ 500 ሰዓት ሠርቶ በተቆጣጣሪ ማስመስከር አለበት።