0644፦ የጋራ ማሽን ያወረሰን ቁጥር

ፋይል የሚፈጥር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው 0644 ወይም 0600 የሚል የፋይል ፈቃድ ቁጥር ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ ካገኘው ቦታ ገልብጦ ያልፋል። ቁጥሩ ግን አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው በነበረበት ዘመን ተጠቃሚዎች የተዳኙበት የድንበር ምልክት ነው፤ መነበብ ያለበትም እንደዚያው ነው። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብስ ዩኒክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና ሲጀምሩ ድርጅቱ መልቲክስ ከተባለው የቀደመ ስርዓት ሥራ መውጣቱ ነበር። መልቲክስ ለየፋይሉ ማን ምን እንደሚችል በስም የሚዘረዝር መዝገብ ነበረው። በትንሽ ማሽን ላይ የተወለደው ዩኒክስ ያንን ሁሉ በጥቂት ቢቶች ጠቀለለው። በኖቬምበር 1971 የወጣው የመጀመሪያው መመሪያ ስድስት ቢቶችን ብቻ ይዘረዝራል፦ ለባለቤቱ ማንበብና መጻፍ፣ ባለቤት ላልሆነ ማንበብና መጻፍ፣ ፋይሉ እንደ ፕሮግራም መሄድ መቻሉ፣ ሲሄድም የባለቤቱን ሥልጣን መያዙ። ዓለም «የእኔ» እና «የሌላው» ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ነበር ማለት ነው። እስከ 1975ቱ ስድስተኛ እትም ድረስ ግን በመካከል «ቡድን» ገብቶ፣ ለባለቤት፣ ለቡድንና ለሌሎች ሦስት ሦስት ቢት ተመድቧል። ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ይኸው ነው፦ ከራስ ቀጥሎና ከባዕድ በፊት የሥራ ባልደረባ የሚባል ሰው እንዳለ ቁጥሩ ራሱ መሰከረ።

ሦስት ቢት በስምንት መሠረት አንድ አኃዝ ይሞላል፤ በፒዲፒ-11 ኮምፒውተር ዙሪያ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ በስምንት መሠረት መቁጠር ለምደው ነበር። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ስለዚህ 644 ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል፣ ቡድኑና ሌላው ያነባል ማለት ነው። በሲ ቋንቋ ፊት ያለችው ዜሮ ናት ይህን የምታስጠብቀው። እሷ ተረስታ 644 ቢጻፍ ማሽኑ እንደ ተራ ቁጥር ወስዶ በስምንት መሠረት 1204 ያደርገዋል፦ ባለቤቱ ይጽፋል እንጂ አያነብም፣ ቡድኑ ምንም የለውም፣ ውጭ ያለው ሁሉ ግን ያነባል። ፕሮግራሙ አዲሱን ፋይል ጽፎ ሲጨርስ አንዳች ስህተት አያሳይም፤ ጉዳቱ የሚታየው ባለቤቱ ሊያነብ ሲመለስ ነው። በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ቁጥሩ 0o644 ተብሎ እንዲጻፍ ማስገደዱ ተገቢ ነበር።

ሦስት መደብ ለእውነተኛ ሕይወት ይጠባል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው፣ የስም ዝርዝርም ኋላ ላይ ተጨምሯል። ዘጠኙ ቢቶች ግን በአንድ እይታ ይነበባሉ፤ ረጅም ዝርዝር ውስጥ የተረሳ ስም ግን ማንም ሳያየው ሊቀመጥ ይችላል። ሌላው ክርክር ዛሬ ላፕቶፕ የአንድ ሰው ነው፣ «ሌሎች» የሚባል የለም የሚል ነው። ይህ አያሳምነኝም። አንድሮይድ እያንዳንዱን መተግበሪያ እንደ ራሱን የቻለ ተጠቃሚ ይቆጥራል፤ በሰርቨር ላይም ዳታቤዙ በራሱ ስም ይሠራል። ጎረቤቱ ከሰው ወደ ፕሮግራም ተለወጠ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ቁጥሩ ከመጀመሪያው በትክክል መጻፍ አለበት፤ ፋይሉን ፈጥሮ ፈቃዱን በኋላ ማጥበብ መፍትሔ አይሆንም። ዩኒክስ ፈቃድን የሚመረምረው ፋይሉ ሲከፈት ነውና፣ የይለፍ ቃል የያዘ ፋይል በ0644 ተፈጥሮ ወዲያው ወደ 0600 ቢለወጥ፣ በዚያች ቅጽበት ከፍቶ የገባ ሌላ ፕሮግራም ማንበቡን ይቀጥላል።