ካዛንቺስና የፎቅ ቤት መወዛወዝ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከጣልያንኛ ነው። በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የኢጣልያ ድርጅት በአሕጽሮት ኢንቺስ ይባል ነበርና «ካዜ ኢንቺስ»፥ ማለት የኢንቺስ ቤቶች፥ በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ቤቶቹ ዝቅተኞች ስለ ነበሩ ነፋስ ቢበረታ ቤቱ ይወዛወዛል ብሎ የሚሰጋ አልነበረም።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በ2014 ዓ.ም. 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ በከተማችን ተመረቀ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ አሮጌ ሰፈር ብዙው ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። ስለዚህ ረጅም ቤት ሲወዛወዝ ምን ይደረጋል ብለን መጠየቅ ተገቢ መስሎ ታየን።

ነፋስ ሕንፃን የሚያናውጠው በመግፋት ብቻ አይደለም። አልፎት ሲሄድ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ አዙሪት ይፈጥራል፤ የአዙሪቱም ምልልስ ከሕንፃው ምልልስ ጋራ የገጠመ እንደ ሆነ፥ ዥዋዥዌ በልኩ ሲገፋ እንደሚሆነው ሁሉ፥ ትንሹ ግፊት እየተደራረበ ይበረታል። ሕንፃው ባይወድቅም ከላይ የሚኖረው ሰው ራሱ ይዞርበታል። መድኃኒቱን ያሰበው ጀርመናዊው የመርከብ መሐንዲስ ሄርማን ፍራም ሲሆን፥ በፈረንጆች 1911 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተሰጠው። ይኸውም በሚወዛወዘው ነገር ላይ ሌላ ክብደት በሞላ ማሰር ነው። ክብደቱ እንደ ክራር ክር በሕንፃው ምልልስ ይቃኛል፤ ሕንፃው ወደ ቀኝ ሲሄድ እርሱ ወደ ኋላ እየቀረ ወደ ግራ ይስበዋል፤ በመካከል ያለው የዘይት ፒስቶንም ጉልበቱን ወደ ሙቀት ለውጦ ያጠፋዋል።

በ1977 በኒው ዮርክ የተፈጸመው የሲቲኮርፕ ሕንፃ ከጫፉ አጠገብ 400 ቶን የሚያህል የኮንክሪት ክብደት ተደረገለት። ክብደቱ ግን በዘይት ላይ የሚንሸራተተው በኤሌክትሪክ ኃይል ነበር። በ1978 የሕንፃው የብረት መገጣጠሚያ ደካማ መሆኑ በታወቀ ጊዜ፥ ማዕበል መጥቶ መብራቱን ቢያጠፋውስ የሚለው ሐሳብ መሐንዲሶቹን እንቅልፍ ነሣቸው፤ ብየዳውም በሌሊት ተሠራ። መብራት ሲጠፋ ሻማ የምንፈልግ እኛ ይህን ስናነብ ብዙ አሰብን። በ2004 የተፈጸመው የታይፔ 101 ሕንፃ 660 ቶን የብረት ኳስ ግን በገመድ ተንጠልጥሎ ያለ መብራት ስለሚሠራ እርሱን እንመርጣለን።

ሆኖም ለአዲስ አበባ ዋናው ሥጋት ነፋስ አይመስለንም። ከተማችን 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆንዋ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የነፋሱም ግፊት፥ ፍጥነቱ እኩል ሲሆን፥ በዚያው መጠን ያንሳል። ምድሩ ግን እንዲህ አይራራም። በአርቱሮ ሜዜዲሚ የተነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በተመረቀበት በ1953 ዓ.ም.፥ ከጥቂት ወራት በኋላ፥ በሸዋና በወሎ ወሰን ባለው በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈረሰ። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻውን ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዋን ይህንን መርምረው ጽፈዋል። ካዛንቺስ በፈረሰበት በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከፈንታሌና ከአዋሽ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ደርሶ፥ ከምድር ቤት ይልቅ በፎቅ ላይ ያሉትን አስደነገጠ።

ነፋስ ለብዙ ደቂቃ ሲነፍስ ክብደቱ ምልልሱን ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። የመሬት መንቀጥቀጥ ግን በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ልዩ ልዩ ምልልስ ይዞ ስለሚመጣ፥ በአንዱ ብቻ የተቃኘው ክብደት በቅጡ ሳይነቃ ሊያልፍ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ቤቱን የሚያቆመው ምሰሶውና መገጣጠሚያው ነው። በካዛንቺስ አዲስ ሕንፃ የሚነድፉ መሐንዲሶች መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት የነፋሱንና የምድሩን ስሌት ለየብቻ ቢያሳዩን እንወዳለን።