በሌላ ሰው መልክ የኖረው ሊቅ

የዛሬውን ንግግሬን በራሴ ስሕተት እከፍታለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሳይንስ ታሪክ ማስተማር ከጀመርሁ ጀምሮ፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሊቃውንትን ሥዕል ያለ ስም እያሳየሁ «ይህ ማነው?» ብዬ መጠየቅ ልማዴ ነበር። አይንስታይንን ሁሉም በአንድ ድምፅ ይጠሩታል። ኒውተንን በረጅሙ ፀጉሩ ይገምቱታል። ማሪ ኩሪን ይለዩአታል፤ ነገር ግን ከሥዕሎቹ መካከል ሴት እርሷ ብቻ ስለሆነች ይመስለኛል፤ ለዚህም ተወቃሹ እኔው ነኝ። በመጨረሻ ከጎን የተሣለ፣ ኮስታራ ሰው አሳያቸዋለሁ። የሚያውቀው አይገኝም። እኔም በኩራት «አድሪያን ማሪ ሌዠንድር፣ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ» እላለሁ።

እርሱ አልነበረም። ሥዕሉ የሉዊ ሌዠንድር ነው፤ የፓሪስ ልኳንዳ ነጋዴ የነበረ፣ በአብዮቱ ዘመን የብሔራዊ ጉባኤው አባል የሆነና በ1797 የሞተ ፖለቲከኛ። ሁለቱም የተወለዱት በ1752 ነው። ከሥዕሉ ግርጌ የተጻፈው «ሌዠንድር» ብቻ ስለነበረ፣ አንዱ አሳታሚ ከሌላው እየተቀበለ የልኳንዳ ነጋዴውን ፊት ለሒሳብ ሊቁ ሰጠው። መጻሕፍትና መዛግብተ ቃላት አስተጋቡት፤ በኋላም ድረ ገጾች ወረሱት። በ2009 የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር መጽሔት ጉዳዩን በሰፊው ሲያወጣ፣ የእኔም ስሕተት አብሮ ወጣ።

እስቲ አስቡት። ይህ ሰው የተበታተኑ ልኬቶችን በአንድ ቀመር የሚያስማማውን፣ የስሕተቶችን ካሬ ድምር የሚያሳንሰውን ዘዴ በ1805 ያሳተመ ነው። የጂኦሜትሪ መጽሐፉ ትውልድ አስተምሯል። በ1824 መንግሥት የደገፈውን ዕጩ አልመርጥም በማለቱ ጡረታው ተቋርጦበታል። ሥራው ሁሉ ሲታወቅ መልኩ ግን የሌላ ሰው ነበረ። ለእርሱነቱ የሚታመነው ሥዕል ዡልየን ሌኦፖልድ ቧዪ በ1820 በውኃ ቀለም የሣለው ነው፤ እርሱም የቀልድ ሥዕል ነው! ሊቁ ፀጉሩ ተንጨባሮ፣ ፊቱ ተኮሳትሮ፣ ከፉሪዬ ጎን ይታያል።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን የተማሪዎቼ ነገር ነው። በእነዚያ ዓመታት አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ሌዠንድር ነው» ብሎኝ ቢሆን፣ ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር። «አላውቀውም» ያለው ለእውነቱ ከእኔ ይልቅ የቀረበ ነበረ። ፈተናዬ የሚመዝነው ስለ ሊቃውንቱ ያለንን ዕውቀት ነው ብዬ አምን ነበር፤ ለካ ይመዝን የነበረው የትኛው ሥዕል ደጋግሞ እንደታተመ ነው።

ፈተናውን ግን አልተውሁትም። ከ«ማነው?» ቀጥሎ «በምን አወቃችሁት?» የሚል ጥያቄ ጨመርሁበት። የዶክተር አክሊሉ ለማንም ፎቶግራፍ አስገባሁ። በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያስተዋሉት፣ በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የ«ራይት ላይቭሊሁድ» ሽልማትን የተቀበሉት እርሳቸው ናቸው። አይንስታይንን ሳይመለከት የሚጠራ ክፍል፣ እርሳቸው ዘንድ ሲደርስ ዝም ይላል። «እንዶድ» ስል ግን ከኋላ ወንበር አንዱ ስለ አያቱ ነጠላ ማውራት ይጀምራል፤ ሌሎቹም ቀና ብለው ፎቶግራፉን እንደገና ያዩታል።