አንድ ሕመም፣ ሁለት ወገን

(የዘመን አቆጣጠሩ እንደ አውሮፓውያን ነው)

የአትላንታው ኦሎምፒክ ሐምሌ 19 ቀን 1996 ተከፈተ። ፋጡማ ሮባና ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ወርቅ ያጠለቁበት ነውና እኛ ኢትዮጵያውያን አንረሳውም። በዚያ ምሽት ችቦውን የለኮሰው ቡጢኛው መሐመድ አሊ ነበር። አንድ እጁ ችቦውን ይዟል፤ ሌላው ይንቀጠቀጣል። ፓርኪንሰን የተባለውን በሽታ ብዙ ሰው ያወቀው በዚያች እጅ ነው።

በሽታው ስሙን ያገኘው በ1817 ምልክቶቹን በጽሑፍ ካሰፈረው እንግሊዛዊ ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ እርምጃ ይዘገያል። ያሉት መድኃኒቶች ያስታግሳሉ እንጂ አያድኑም። ስለዚህ ሳይንቲስቶች «የሞቱትን ሕዋሳት በሌላ ብንተካስ?» ብለው ተነሡ። ጠቡ የመጣው «ከየት አምጥተን?» ከሚለው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የታሰበው በውርጃ ከወረደ ጽንስ ነበርና፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1988 ለዚህ ምርምር ገንዘብ መስጠቱን አቆመ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሥልጣን በያዙ ሰሞን፣ በ1993፣ እገዳውን አነሡ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ለመሆኑ ድሩ እንዴት ያብራል?

የአሪዞናው ዲሞክራት ሞሪስ ዩዳል በ1976 ለፕሬዚዳንትነት ለመወዳደር ሞክረው በካርተር የተሸነፉ እንደራሴ ናቸው። ፓርኪንሰን አዳክሟቸው በ1991 ምክር ቤቱን ለቀቁ። በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳሉ እየተመላለሱ ይጠይቋቸው ከነበሩት አንዱ የተቃራኒው ፓርቲ ሰው፣ ሪፐብሊካኑ ሴናተር ጆን ማኬይን ነበሩ። እኚሁ ማኬይን ሁለቱም ወላጆቻቸው በዚህ በሽታ ከተሠቃዩባቸው ከዲሞክራቱ ከፖል ዌልስቶን ጋር ሆነው በዩዳል ስም ለምርምር ገንዘብ የሚፈቅድ ሕግ አቀረቡ። የጽንሱ ክርክር እዚያም ተከተላቸው፤ ሆኖም ሕጉ በ1997 ጸደቀ። ዩዳል ዓመት ቆይተው አረፉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ተዋናዩ ማይክል ጄ. ፎክስ በ29 ዓመቱ የተነገረውን ሕመም ሰባት ዓመት ደብቆ በ1998 ይፋ አወጣው፤ በ2000ም የምርምር ድርጅት አቋቋመ። በዚያን ጊዜ የሳይንቲስቶች ተስፋ የጥቂት ቀናት ዕድሜ ካለው ጽንስ በሚወሰዱ «ግንድ ሕዋሳት» ላይ ነበር። ፎክስ ምርምሩ ይፈቀድ ብሎ ተሟገተ። በሌላው ወገን በሐምሌ 2001 ፕሬዚዳንት ቡሽን ተቀብለው «ጽንስን ለምርምር ማጥፋት ነውር ነው» የሚል መልእክት ያስተላለፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ነበሩ። እኚህ አባት ራሳቸው የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ነበሩ!

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ልብ እንበል። «ሕመሙን አታውቁትም» ተብለው ዝም ሊያሰኟቸው የማይቻሉ ሰው ነበሩ። ፎክስንም «ስለ ሕይወት አትጨነቅም» ማለት አይቻልም። የሁለቱም እጅ እኩል ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሕሊናቸው ግን ለየቅል ነበር። ሕመም ሰውን አንድ አሳብ አያደርገውም።

ቡሽ የምርምሩን ገንዘብ የሚያሰፋውን ሕግ ውድቅ ያደረጉት ሐምሌ 19 ቀን 2006 ነው፤ አሊ ችቦውን ከለኮሰ በአሥረኛው ዓመት፣ በዕለቱ! በዚያው መጸው ፎክስ ምርምሩን ለሚደግፉ ዕጩዎች በቴሌቪዥን ቀርቦ ሲናገር ሰውነቱ ይወዛወዝ ነበር። ራሽ ሊምቦ የተባለው የሬዲዮ ተናጋሪ «ያስመስላል» ብሎ ከሰሰው። ውዝዋዜው ግን ራሱ መድኃኒቱ የሚያመጣው ነበር። ፎክስ ቀደም ሲል በ2004 ለሪፐብሊካኑ ለአርለን ስፔክተር መመስከሩን ያስታወሰው ጥቂት ሰው ነው።

ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ የአዋቂ ሰው ቆዳን ወደ ግንድ ሕዋስነት መመለስ እንደሚቻል በ2007 አሳዩ፤ በ2012ም ኖቤል ተሸለሙበት። ጽንስ የማይነካ ሌላ መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። በሚያዝያ 2025 ሁለቱም መንገዶች የደረሱበት ውጤት በአንድ ቀን፣ በአንድ መጽሔት ታተመ፤ ከጃፓን 7፣ ከሰሜን አሜሪካ 12 ሕሙማን። ገና ጅምር ነው፤ ፈውስ አይባልም።

በ2024 ደግሞ በሽታውን ለመግታት ብሔራዊ ዕቅድ እንዲነደፍ የሚያዝ ሕግ በአሜሪካ ጸደቀ። ሕጉ የሁለት ሰዎችን ስም ተሸክሟል፤ አንዱ በፓርኪንሰን የሞቱት የሪፐብሊካኑ እንደራሴ የጋስ ቢሊራኪስ ወንድም ናቸው። ሌላዋ መጀመሪያ ፓርኪንሰን ነው ተብለው ኋላ የባሰ ዘመዱ የተገኘባቸው ዲሞክራቷ ጄኒፈር ዌክስተን ናቸው።

በጽንሱ ጥያቄ ላይ ግን እስከ ዛሬ የተስማማ የለም፤ የተረታም የለም። ማኬይንም ከዩዳል አልጋ አጠገብ ሲቀመጡ ፓርቲያቸውን ትተው አልነበረም። ወንበር ስበው ተቀመጡ እንጂ።