አይጥን ከድመት ፍርሃት የሚያላቅቃት ተህዋስ

አይጥ ድመትን ለመፍራት ትምህርት አያስፈልጋትም። ላብራቶሪ ውስጥ ተወልዳ ያደገች፣ ድመት የሚባል ነገር አይታ የማታውቅ አይጥ እንኳን የድመት ሽንት ሲሸታት ትሸሻለች። ፍርሃቱ አብሯት ነው የሚወለደው። ይህን ፍርሃት የሚያጠፋ፣ በዓይን የማይታይ ተህዋስ ግን አለ። ዛሬ ስለሱ እናውጋችሁ።

🔹 ምንድን ነው?

ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ ይባላል። ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተህዋስ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. ቱኒዚያ ውስጥ ጉንዲ በምትባል አይጥ መሰል እንስሳ ላይ ተገኘ፤ የስሙ ሁለተኛ ክፍልም ከዚያ መጣ። ብዙ ዓይነት እንስሳት ውስጥ ይኖራል፤ ሰውም ውስጥ ጭምር። ወንዴና ሴቴ ሆኖ የሚራባው ግን በድመትና በድመት ዘመዶች አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል።

አይጥ በዚህ የተበከለ ነገር ስትበላ ተህዋሱ ጡንቻዋና አንጎሏ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። ወደ ድመት የሚመለሰው አይጧ ከተበላች ነው። እንግዲህ አይጧ ድመት ባትፈራ ማን እንደሚጠቀም አስቡት!

🔹 ጥናቶቹ ምን አሳዩ?

▪️ በ2000 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች አይጦችን አራት ዓይነት ሽታ ያለበት ግቢ ውስጥ ለቀቁ፦ የራሳቸው፣ የጥንቸል፣ የድመት እና ምንም የማይሸት። ጤነኞቹ የድመቱን ጥግ ሸሹ። የተያዙት ግን አልሸሹም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ወደዚያው ተሳቡ።

▪️ በ2007 የስታንፎርድ ቡድን "ምናልባት አንጎላቸው በአጠቃላይ ተጎድቶ ይሆን?" ብሎ መረመረ። የማሽተት፣ የመማርና ሌላ አደጋን አስታውሶ የመፍራት ችሎታቸው ደህና ነበር። የጠፋው በዋናነት የድመት ፍርሃት ነው።

▪️ በ2013 ከካሊፎርኒያ በርክሌይ የወጣ ጥናት ደግሞ የተዳከመ የተህዋሱን ዝርያ ተጠቀመ። ተህዋሱ ከአንጎል ውስጥ ሲፈለግ ባይገኝም ፍርሃቱ ከወራት በኋላም አልተመለሰም።

▪️ በ2020 የጄኔቫ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አመጡ፦ የተያዙት አይጦች የሌሎች እንስሳትንም ሽታ አልፈሩም፣ ጭንቀታቸውም በአጠቃላይ ቀንሷል። ስለዚህ "ድመት ብቻ ነው ወይስ ሁሉም ፍርሃት?" የሚለው ክርክር አሁንም አልተዘጋም።

🔹 እኛንስ ምን አገባን?

አይጥ ላይ የታየውን ዝም ብሎ ወደ ሰው መገልበጥ ልክ አይደለም። ጤነኛ ሰው ከተያዘ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት እንኳን አያሳይም። ችግሩ ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ነው፤ ወደ ፅንሱ ተላልፎ ዓይንና አንጎሉን ሊጎዳ፣ ውርጃም ሊያስከትል ይችላል። የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎችም ይሰጋሉ።

ወደ ሰው ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ጥሬ ሥጋ ነው። ስለዚህ ቁርጥና ጥሬ ክትፎ የምትወድ ነፍሰ ጡር እህት ካለቻችሁ፣ እስክትወልድ የበሰለውን እንድትበላ ምከሯት። አትክልት በደንብ ይታጠብ፤ አፈር ከነካችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ድመታችሁን ግን ከቤት አታባርሯት! ከዓይነ ምድሯ ጋር የወጣው ተህዋስ ሰው ለመያዝ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈጅበታል። በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ጠራጊው ግን ነፍሰ ጡሯ ሳትሆን ሌላ የቤተሰብ አባል ይሁን።

ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉት 🙏