ከቁስቋም እስከ መተማ፦ አረፍ ያሉ መንገደኞች

የዛሬው ወሬያችን ስለ አንዲት ትንሽ ሥዕል ነው። ሆላንዳዊው ሬምብራንት በ1645 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሠራት ናት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሰም በተቀባ መዳብ ላይ በመርፌ ይጫራል፣ የተጫረውን አሲድ ይበላዋል፣ ከዚያ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ ይታተማል። አውሮፓ ዘመኑን ባሮክ ትለዋለች፤ እኛ ዘንድ ደግሞ አፄ ፋሲለደስ ጎንደር ላይ ነግሠው ነበር። በሥዕሏ ላይ መንገድ ያደከማቸው ሰዎች አረፍ ብለዋል፦ ማርያም፣ ዮሴፍና ሕፃኑ።

የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች መንገደኛን ዛፍ ጥላ ሥር አሳርፈው መሣል ይወዱ ነበር። ሲያዩት ደስ ይላል። ግን ልብ በሉ! እነዚህኞቹ ሽርሽር አልወጡም፤ ሄሮድስን ሸሽተው ወደ ግብፅ የሚሰደዱ ናቸው።

ይህን ለጎንደር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የጽጌ ጾም የሚያስበው ይህንኑ ስደት ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር አጠገብ ያሳነጹት ደብረ ፀሐይ ቁስቋምም ስሙን ያገኘው ስደተኞቹ ግብፅ ውስጥ ካረፉበት ስፍራ ነው።

እዚያው ቁስቋም ይኖር የነበረ አንድ እንግዳ ደግሞ በታኅሣሥ 1771 ጓዙን ጠቅልሎ በመተማ ቆላ በኩል ወደ ስናር ወረደ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ከዛሬዋ መተማ ብዙም በማይርቅ ሆር ካካሙት በሚባል ቦታ ተቅማጥ ጥሎት ሁለት ወር ያህል ከረመ። የቦታውን ስም ሲተረጉመው «የሞት ጥላ ሸለቆ» ይለዋል። ከእሱ በፊት በ1699 አፄ ኢያሱን ሊያክም ከስናር ወደ ጎንደር የወጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ እንኳ የመንገድ ጓደኛውን አባ ብረቨዳንን ጎንደር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ቀብሯል። በዚህ መንገድ ማረፍ ሁለት ትርጉም ነበረው።

ያረፉትም ሁሉ ፈረንጆች አልነበሩም። ተክሩሮች ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ለሐጅ የወጡ መንገደኞች ነበሩ፤ ከመካ መልስ እዚህ አረፍ አሉ፣ በዚያው ቀሩ፣ የገበያው ባለቤቶችም ሆኑ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1862 ሲመጣ ያገኛቸው እነሱን ነው። ቡናና ጥጥ፣ ሰምና ቆዳ በሚሸጥበት በዚያው ገበያ ለሽያጭ የቀረቡ ልጃገረዶችንም አይቷል። እነሱም መንገደኞች ነበሩ፤ ግን መንገዱን አልመረጡትም። ስማቸውንም የጻፈ የለም።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ገቡ። ኩመርና አውላላ የሚባሉ መጠለያዎች ተቋቋሙላቸው። እዚያም ጥቃትና ዘረፋ ሲበዛባቸው በ2024 ብዙዎቹ ከመጠለያው ወጥተው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። እናት፣ ሕፃን፣ ዛፍ፣ ጥላ። ሥዕሉ ያው ነው።

ታዲያ እኛ ምን ነካን? የ2,000 ዓመቱን ስደት በጾምና በማኅሌት የምናስብ ሰዎች፣ ደጃችን ላይ አረፍ ያለውን መንገደኛ ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። ኅዳር 6 ቁስቋም ስንወጣ እስቲ ይህችን ነገር እናስባት።