ስንቅ፣ ካፖርትና ዋስ

በእንዲህ ያለው የመገናኘት በዓላችን ላይ ሰው ከየአህጉሩ ሲሰበሰብ ጨዋታው ሁሉ ስለ መመለስ ነው። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ጠቅልሎ ሊገባ አስቧል እየተባለ ይመሻል። እኔ ደግሞ ስለ መሄድ ልጽፍ ነው፤ በተለይም ከመሄድ በፊት ስላሉት ጥቂት ሳምንታት። ሻንጣ የሚገዛበት፣ በርበሬ የሚቀነጠስበት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ የሚነሱበት፣ ዘመድ የሚዞሩበት ጊዜ። የታሪክ መጻሕፍት «በዚህ ዓመት ለትምህርት ወደ አውሮፓ ተላከ» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ግን አገር ከሚልከው ሰው ምን እንደሚጠብቅ፣ ሰውየውም ለአገሩ ምን መያዣ ትቶ እንደሚሄድ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በዚያች ጊዜ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ድሮ ረጅም መንገድ ማለት ለክርስቲያኑ ኢየሩሳሌም፣ ለሙስሊሙ መካ ነበር። ስንቁ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ነው፤ ዋናው ዝግጅት ግን ስንቅ አልነበረም። ዕዳ ይከፈላል፣ ንስሐ ይገባል፣ ለቀረው ቤተሰብ ይናዘዛል። ሐጅ የሚሄደውም ጎረቤቱን ዞሮ «አፉ በሉኝ» ይላል። ከመንገደኛው መመለሱን በግድ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ከተመለሰ እሰየው ነው።

ትምህርት ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ለትምህርት የሚላክ ሰው የሚላከው እንዲመለስ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ገደማ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ወደ ጣልያን ሲልኩ፣ ከአድዋ ድል በኋላ ደግሞ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሩሲያ ሲሄዱ፣ የፈረሙት ውል የለም። የንጉሡና የጌታቸው ቃል ይበቃል። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ግድም ልጅ፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ፣ ቋንቋውን የማይሰማው ሰው እጅ ላይ ተሰጥቶ መሄዱን ዛሬ ላይ ሆኖ ማሰብ ይከብዳል። ተክለ ሐዋርያት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው፣ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው ነው የተመለሱት። ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ በመንግሥታት ማኅበርም ፊት ለኢትዮጵያ ተከራከሩ። አፈወርቅ በበኩላቸው በአማርኛ የመጀመሪያ የሚባለውን ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አሳተሙ፤ ኋላ ግን በወረራው ጊዜ ከጣልያን ጎን ቆሙ። ሁለቱም ያለ ውል ተልከዋል፤ የአንዱ መመለስና የሌላው መመለስ ግን አንድ አይደለም። በአካል መምጣት ብቻውን መመለስ አለመሆኑን አባቶቻችን ያወቁት ቀደም ብለው ነው ማለት ነው።

የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ሽኝት ቦታ አገኘ፤ ለገሐር። እስከ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ አንድ ሌሊት አዋሽ፣ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ እያደሩ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባል። ከዚያ መርከብ፣ ስዊዝ፣ ማርሴይ። ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ዘመን ጀምሮ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ሊባኖስ፣ ወደ እንግሊዝ የሄዱት ተማሪዎች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ነው የወጡት። መላኩ በያን መጀመሪያ ህንድ፣ ቀጥሎ አሜሪካ ሄደው በ1927 ዓ.ም. ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተምረው ወረራው ሳይደርስ ተመለሱ።

ያ ትውልድ የገባውን ቃል ጠብቋል፤ ዋጋውን ግን በደም ከፈለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከግራዚያኒ ሙከራ በኋላ ጣልያን በተለይ የተማረውን ነበር እየለቀመ የፈጀው። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱ ነበሩ፤ ሁለቱም ተገደሉ። ወይዘሮ ስንዱ አዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፣ ኋላም የመጀመሪያዋ የሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። የሟቾቹን ስም ዝርዝር ሳይ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ያ የለገሐር ሽኝት ነው። እናቶች ባሕሩን ነበር የፈሩት፤ ልጆቻቸው ባሕሩን ተሻግረው ተመልሰው፣ የሞቱት ደጃፋቸው ላይ ነው።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት ሲቋቋም የተማረ ሰው የለም ቢባል ማጋነን አይደለም። ስለዚህ መላኩ እንደ ጥድፊያ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥልጣን በራሳቸው እጅ ይዘው ስለነበር፣ ወደ ውጭ የሚሄዱ ተማሪዎች ከመውጣታቸው በፊት ቤተ መንግሥት ቀርበው መሰናበት ልማድ ሆኖ ነበር። ያኔ ንጉሡ የሚኖሩት በገነተ ልዑል፣ ማለትም ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ባለበት ስድስት ኪሎ ግቢያችን ውስጥ እንደነበር ለወጣቶቹ ባልደረቦቼ ላስታውስ። አፈወርቅ ተክሌ በአሥራ አምስት ዓመታቸው፣ ማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ ወደ እንግሊዝ ሲሄዱ የተሰጣቸውን ምክር ሲተርኩ፣ ስትመለሱ ስለ ፎቆቹ ርዝመትና ስለ መንገዶቹ ስፋት አትንገሩን፣ አገር የምትገነቡበትን እውቀት ይዛችሁ ኑ የሚል እንደነበር ያስታውሱ ነበር። ማዕድኑን ትተው ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ። ቃሉን አፈረሱ የሚላቸው ካለ የአፍሪካ አዳራሽን መስኮት ሄዶ ይይ።

እስቲ ስለ ዕቃው ደግሞ ላንሳ፤ ይኼ ነገር ቀልድ ቢመስልም ታሪክ ነው። በዚያ ዘመን ሙሉ ልብስ ማሰፋት ግዴታ ነበር። ብዙው ልጅ በሕይወቱ መጀመሪያ ከረባት ያሰረው ለፓስፖርት ፎቶግራፍ ነው። ከፎቶው ቀጥሎ የቤተሰብ ፎቶ አለ። አባት ወንበር ላይ፣ እናት አጠገባቸው፣ ተጓዡ ከኋላ ቆሞ፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ዛሬም የተሰቀለው እሱ ነው። ካፖርት አዲስ ለመግዛት አቅም የሌለው መርካቶ ሰልባጅ ተራ ይሄዳል። እዚያ ያለው ካፖርት ከፈረንጅ አገር የመጣ አሮጌ በመሆኑ፣ ልብሱ ወደ አገሩ ይመለሳል እያልን እንስቅ ነበር። ከዚያ የእናት ድርሻ ይመጣል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ንጥር ቅቤ። ቅቤው መንገድ ላይ ፈሶ ሙሉ ልብሱን ያበላሸበት ሰው በየባቹ ቢያንስ አንድ አይጠፋም። ልብሱ ታጥቦ እንኳ ሽታው አይለቅም፤ ባለቤቱ ፈረንጅ መሀል ሲያፍር ሰነባብቶ፣ ክረምቱ ሲከብድበት ግን ቁም ሣጥኑን እየከፈተ ያሸተዋል።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ተከፍቶ የመጀመሪያዎቹን ምሩቃን በ1946 ዓ.ም. ሲያወጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከእንግዲህ የሚሄደው ሕፃን ልጅ አይደለም፤ ዲግሪ የያዘ፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ካናዳ፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ እንግሊዝ የሚያቀና ጎልማሳ ነው። ባቡሩ ቀርቶ ልደታ ከነበረው የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ኋላም ከቦሌ ይነሳል። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቦይንግ 720 የጄት በረራ ሲጀምር ጉዞው የቀናት መሆኑ ቀርቶ የሰዓታት ሆነ።

ከእነዚህም አብዛኛዎቹ ተመልሰዋል። ለምን? አገር ወዳድነት ነው ብሎ መዝጋት ለእኛ ዕድሜ ሰዎች ደስ ይላል፤ እኔ ግን ግማሽ መልስ ነው ባይ ነኝ። ለተመለሰው ወንበሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፣ ደመወዙ ያኖረዋል፣ ስሙ ይከበራል። የዩኒቨርሲቲው አመራርም የውጭ መምህራንን ቦታ በኢትዮጵያውያን ለመተካት ይቸኩል ነበር። ለመመለስ ዋሱ ራሱ ሥራው ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ተጓዥ ሲሰናዳ ቦሌ ላይ የሚያለቅስለት ሰው ቢኖርም፣ ነገሩ ደርሶ መልስ እንደሆነ ሸኚውም ሂያጁም ያውቃል።

አብዮቱ ሲመጣ ይኼ መተማመን ፈረሰ። የሚሄዱበት አቅጣጫ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ኩባ፣ ወደ ቡልጋሪያ ዞረ። ፓስፖርት ብቻውን አያስወጣም፤ የመውጫ ቪዛ ያስፈልጋል። ከዚያ ሁሉ ወረቀት መሀል አንዱ እንቅልፍ ይነሳ ነበር፤ ዋስ።

ዋስ በእኛ ባህል አዲስ ነገር አይደለም። በድሮው ሙግት ዋስ ያጣ ሰው ከባላጋራው ጋር ልብስ ለልብስ ተቋጥሮ ቁራኛ ይውል ነበር። የደርግ ጊዜው ዋስም ከዚያ ብዙ አልራቀም፤ ልዩነቱ፣ ቁራኛ የሚሆነው ሂያጁ ሳይሆን የቀረው ሰው ነው። ንብረት ወይም ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው መሆን አለበት። አጎትህ ጡረታ የወጣ ከሆነ አይሆንም። ጓደኛህ ራሱ ሊሄድ አስቦ ከሆነ አይፈርምልህም። ሰው እኮ በዚያን ጊዜ ነበር ዘመዱን የሚያውቀው። በሠርግህ ላይ የጨፈረው ሁሉ ዓይኑን ያዞርብሃል፤ ከቶ ያልጠበቅኸው ሰው መጥቶ «የት ነው የምፈርመው?» ይልሃል።

እኔ በ1970ዎቹ አጋማሽ ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ስሰናዳ የፈረሙልኝ የአባቴ ወዳጅ፣ መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። ሦስት ሳምንት ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ አመላልሰውኛል። በመጨረሻ ብዕሩን ሲያነሱ ላመሰግናቸው ብል፣ «ተወኝ ልጄ፣ የፈረምኩት ላንተ አይደለም፣ ለእናትህ ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ እመለሳለሁ» አልኳቸው። «እሱን እኔ ሳልሆን እሷ ትስማህ» ብለው ወደ ሱቃቸው ሄዱ። ላይፕዚግ በሄርደር ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ ስማር በከረምኩበት ዓመት ከመጽሐፉ ይልቅ ያቺን ፊርማ ነበር የማስባት።

ከእኔ ጋር የሄደ አንድ ባልደረባ አልተመለሰም። ወንድሙ ታስሮ ስለነበር ቢመለስ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ማንም አያረጋግጥለትም። ልፈርድበት አልችልም። ዋሱ ግን ሦስት ልጅ የሚያሳድግ መምህር ነበር፤ በየወሩ ከደመወዙ እየተቆረጠ ዓመታት ከፈለ። ሂያጁ ኋላ ገንዘቡን እንደላከለት ሰምቻለሁ፤ ተገናኝተው ግን አያውቁም። በዚያ ዘመን ውጭ የቀረነው፣ የተመለስነው፣ የታሰርነው እየተባለ ብዙ ተጽፏል። ስለ ዋሶቹ ግን እስከማውቀው አንድም ገጽ አላነበብኩም። እነሱ ሻንጣ አላዘጋጁም፣ አውሮፕላን አልተሳፈሩም፤ ስማቸው ያለው ምናልባት በአንድ መዝገብ ቤት አቧራ የለበሰ ፋይል ውስጥ ነው።

አሁን ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 32 ላይ፣ ማንም ሰው በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። ዝግጅቱም ቀልሏል። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ ሁለት ሻንጣ ነው፤ በርበሬው እዚያው ይገኛል፣ እናት በስልክ በቪዲዮ ትታያለች። የዩኒቨርሲቲ መምህር ለሦስተኛ ዲግሪ ሲሄድ ግን ዛሬም ውል ይፈርማል፣ ዋስ ይጠራል። ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ባልደረባችን ዋስ ስታፈላልግ አየሁ። አንዱ ለሌላ ሰው አስቀድሞ ፈርሟል፣ ሌላው ራሱ ሂያጅ ነው፣ ሦስተኛው የቤት ብድር አለበት። ትምህርት ክፍሉ በሙሉ አንዱ ለአንዱ ዋስ ሆኖ ተያይዟል፤ አንዱ ቢቀር ሌላውን ይዞ ይወድቃል። መንግሥት ያወጣውን ገንዘብ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ እሱን አልቃወምም። ግን በ1950ዎቹ ወንበሩና ደመወዙ ይሠሩት የነበረውን ሥራ ዛሬ የጎረቤት ፊርማ ብቻውን ይሠራዋል ብሎ ማመን አስቸጋሪ ነው። የመምህሩ ደመወዝ የቤት ኪራይ እንኳ በማይሸፍንበት ጊዜ ውሉ የሚይዘው ሂያጁን አይደለም፤ ሩኅሩኁን ጓደኛውን ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የሚቀጥለው የመገናኘት መጽሔት ሲዘጋጅ ከምሩቃን ፎቶግራፍ ጎን ለዋሶች ጥቂት ገጾች ይተውላቸው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የፈረማችሁትን የውል ቅጂ፣ የመውጫ ቪዛ ማመልከቻ፣ የሽኝት ፎቶግራፍ ያላችሁ ሁሉ ኮፒውን ላኩ፤ ዋናው እናንተ ዘንድ ይቆይ። ዋሳችሁ በሕይወት ካሉ መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ካረፉ ልጆቻቸውን ጠይቁ፤ አባታቸው ወይም እናታቸው ለማን እንደፈረሙ ብዙዎቹ አያውቁም።